ራጅ፣ ሬድዮና ማይክሮዌቭ፦ የማይታየው ሞገድ ታሪክ ከዓድዋ እስከ ዋግ ደጋ

መግቢያ

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ በዕለት ሥራው ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ይጠቀም እንደሆነ ቢጠየቅ «የራጅ መሣሪያ የለንምና አንጠቀምም» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ይሁን እንጂ በሕሙሙ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሚሠራው በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ሰውነቱ ቢጫ የሆነ ጨቅላ ሕፃን የሚታከምበት ሰማያዊ ብርሃንም ሞገድ ነው። ደም የሚፈሳትን ወላድ ወደ ሆስፒታል ለማድረስ አምቡላንስ የሚጠራው ሞባይል ስልክ ደግሞ ያለ ማይክሮዌቭ ዲዳ ነው። በአንጻሩ ብዙዎቻችን ከጨረር ጋር የምንደምረው አልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ በመሆኑ ከዚህ ቤተሰብ አይመደብም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን ታሪክ ከአገራችን የሕክምናና የችግር ታሪክ ጋር አያይዞ በአጭሩ ማቅረብ ነው። ለማሳያነት የተመረጠው የሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራራው ሞገድን የሚጋርድም የሚያሻግርም በመሆኑ፣ ረሀቡና ጦርነቱም ወሬ በወቅቱ ለሚመለከተው መድረሱ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ፣ መዘግየቱም ምን ያህል እንደሚያጠፋ ያሳዩ በመሆናቸው፣ ዋግ ለዚህ ታሪክ ጥሩ መማሪያ ነው። ጸሐፊው የሚያቀርበው ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ ሞገዱ በራሱ ሕሙምን አያድንም፤ የሚያድነው ከሞገዱ በስተጀርባ ያለው የሰው ሰንሰለት ሳይበጠስ ሲቀር ነው።

የአንድ ቤተሰብ ልጆች

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጥናት ኤሌክትሪክና ማግኔት ተጣምረው በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ሞገድ እንደሚፈጥሩ፣ ብርሃን ራሱም ከዚሁ ሞገድ ወገን እንደሆነ በሒሳብ አመለከተ። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርዝ ከ1886 እስከ 1888 (እ.ኤ.አ.) ባደረጋቸው ሙከራዎች ሞገዱን በቤተ ሙከራው አመንጭቶና ተቀብሎ የማክስዌልን ትንቢት አረጋገጠ። ከዚያም በ1895 (እ.ኤ.አ.) ሕንዳዊው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በካልካታ ከተማ ርዝመቱ በሚሊሜትር የሚለካ ሞገድ አመንጭቶ፣ ግድግዳ አሻግሮ በማስተላለፍ ደወል አስደወለ፤ ባሩድም አቀጣጠለ። ዛሬ ማይክሮዌቭ ምሕንድስና የምንለው ሙያ ሲወለድ ከአባቶቹ አንዱ በቅኝ ግዛት ሥር በነበረች አገር የሚሠራ ተመራማሪ እንደነበረ ልብ ሊባል ይገባል።

የዚህ ቤተሰብ ልጆች የሚለያዩት በርዝመታቸው፣ ወይም በሌላ አነጋገር በሰከንድ በሚርገበገቡበት ብዛት ነው። የሬድዮ ሞገድ ከአንድ ሜትር አንሥቶ እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ማይክሮዌቭ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሚሊሜትር ያለውን ክልል ይይዛል። ከእርሱ ቀጥሎ ኢንፍራሬድ፣ የሚታየው ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት፣ ራጅና ጋማ ጨረር በተራቸው ይሰለፋሉ። ወደ ራጅና ጋማ በተጠጋን ቁጥር ጉልበቱ እየበረታ ይሄድና ኤሌክትሮንን ከአተም ነጥሎ ዘረ መልን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የማይክሮዌቭ ጉልበት ለዚህ ከሚያስፈልገው በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ዋነኛ ውጤቱ ሙቀት ነው። ይህ ልዩነት ለጤና ባለሙያ መሠረታዊ ስለሆነ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ዓድዋና ራጅ

ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895) ነበር። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ክስተቶች መካከል ያለው ጊዜ 114 ቀናት ብቻ ነው። ይህ መቀራረብ ተራ የዘመን መገጣጠም ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1896 ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ ወታደራዊ ሐኪም በኢትዮጵያው ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት ወታደሮችን በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ አንሥቶ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ያለበትን ስፍራ ለየ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይመዘግባሉ። እንግዲህ የወታደራዊ ራዲዮሎጂ ታሪክ የመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው ከኢትዮጵያውያን ጠመንጃ በወጣ ጥይት ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመቻ የዋግ ሰዎችም በዋግሹም ጓንጉል መሪነት ተሰልፈው ነበር። በኔፕልስ የሁለቱ ወታደሮች አጥንትና ጥይት በመስታወት ላይ ሲታይ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች የቀሩት ቁስለኞች በወጌሻ እጅ ላይ ነበሩ። የሩስያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ የደረሰው ከወራት በኋላ በዚያው በ1896 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ነው። አንድ ጦርነት ያቆሰላቸው ሰዎች የተለያየ ሕክምና ማግኘታቸው በሳይንሱ ምክንያት አልነበረም፤ ግኝቱ በሳይንሳዊ መጽሔት ከታተመ ገና ወራት ብቻ አልፈውት ነበርና። ልዩነቱን የፈጠረው መርከቡ፣ ሆስፒታሉና መሣሪያው የት እንደነበሩ ነው። በአገራችን ሙያተኛውም ሕዝቡም የሚጠቀምበት «ራጅ» የሚለው ስም ራሱ የጣሊያንኛውን «ራጂ»፣ ጨረሮች ማለት ነው፣ ያስታውሳል።

የአቃቂ ድምፅና የኮረም ዝምታ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ስልክና ቴሌግራፍ በሽቦ የሚሄድ ነበር። ሽቦ ደግሞ እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱ ይወድቃል፤ ሽቦውም ይቆረጣል። ሬድዮ ይህን ቀንበር ሰበረ። በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የአቃቂ ሬድዮ ጣቢያ ኢትዮጵያን ከውጭው ዓለም ጋር በአጭር ሞገድ አገናኘ። አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ባለው በኤሌክትሪክ በተሞላው የአየር ንብርብር ተመትቶ ስለሚመለስ ተራራና ውቅያኖስ ተሻግሮ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት በ1935 (እ.ኤ.አ.) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነበር።

ሞገድ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ከዋግ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኮረም አካባቢ የንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈር በነበረበት ወቅት የሚተላለፈውን የሬድዮ መልእክት ጣሊያኖች ይጠልፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ኮረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ምልክቱ በግልጽ እየታየ በቦምብ ተደበደበ። መርዝ ጋዝ ያቃጠላቸው ሰዎችም በዚሁ አካባቢ እርዳታ እየለመኑ ረገፉ። የአቤቱታው ድምፅ ጄኔቭም ኒውዮርክም ደርሷል፤ የመለሰለት ግን አልነበረም። ይህ ክስተት መልእክት መድረሱና መልስ ማግኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

ማይክሮዌቭና ተራራ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማይክሮዌቭን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ፋብሪካ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ራንዳልና ቡት የሠሩት ማግኔትሮን በመዳፍ ከሚያዝ መሣሪያ እጅግ ኃይለኛ ማይክሮዌቭ ማመንጨት አስቻለ፤ ለራዳርም ዓይን ሆነው። ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ግኝት በሁለት መንገድ ወደ ሕክምና ገባ። አንደኛው ሙቀቱ ነው፤ ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚያገለግለው የዲያተርሚ ሕክምና፣ በኋላም የጉበት ዕጢን በመርፌ ጫፍ አሙቆ የሚያጠፋው ዘዴ ከዚህ የመነጩ ናቸው። ሁለተኛው፣ ለእንደ እኛ ዓይነቱ አገር ይበልጥ የሚጠቅመው፣ መልእክት ማጓጓዙ ነው።

ማይክሮዌቭ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ተመትቶ አይመለስም። እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አስተላላፊውና ተቀባዩ መተያየት አለባቸው። ሜዳ ላይ እያንዳንዳቸው 50 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ማማዎች በምድር ክብነት ምክንያት ሊተያዩ የሚችሉት ከ60 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ነው። አንቴናው ከዙሪያው 1,000 ሜትር ከፍ በሚል ተራራ ራስ ላይ ከተተከለ ግን፣ መሐል ላይ የሚጋርደው ሌላ ተራራ እስከሌለ ድረስ፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። የማይክሮዌቭ መሐንዲስ ካርታ ዘርግቶ ተራራ የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። አሠራሩ አባቶቻችን ከአምባ ወደ አምባ እሳት እያነደዱ የጠላትን መምጣት ያስታውቁበት ከነበረው ዘዴ በመርሕ አይለይም፤ አንዱ አምባ ከተኛ ግን ወሬው እዚያው ይቀራል።

የዋግ መልክዐ ምድር ለዚህ ሥራ በረከትም ፈተናም ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከርሷ በስተምዕራብ ምድሩ እየተሰበረ ወደ ተከዜ ይወርድና ከግድቡ ሐይቅ ዳር ወደ 1,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ከአንድ ተራራ ራስ ላይ የቆመ አንቴና ሩቅ ያሉ ከፍተኛ ቦታዎችን ሊያገናኝ ይችላል፤ ከሥሩ ባለው ሸለቆ የምትገኝ መንደር ግን ማማውን እያየች ወይም ከማማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በጥላ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ቆላዎች ወባው የሚበረታውም በዚያው ሸለቆ ነው። ሞገዱ የማይደርስበት ስፍራና በሽታው የሚበረታበት ስፍራ አንድ ላይ ሲሆኑ የቴሌኮሙኒኬሽን ችግሩ የሕክምና ችግር ይሆናል።

የ1977ቱ ረሀብ፦ ወሬ ቀድሞ እርዳታ ሲዘገይ

በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን ሊደርስ ያለውን ረሀብ ለለጋሽ አገሮች አስታውቆ ነበር። በቂ ምላሽ አልተገኘም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984) ግን የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም የያዙት ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ በጥቂት ቀናትም በሳተላይት ማይክሮዌቭ ዓለምን አዳረሰ። ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ በእግራቸው ተጉዘው ኮረም ላይ የወደቁ ሰዎች ሞት በመላው ዓለም የሳሎን ወሬ ሆነ። እርዳታውም ጎረፈ።

የሙያ ባልደረቦች ልብ እንዲሉት የሚያስፈልገው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። የቴሌቪዥኑ ሞገድ ምስሉን ከሎንዶን ወደ ሌላው ዓለም ያደረሰው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያው ከቀረበበት ቀን ምስሉ እስከታየበት ቀን ግን ወራት አልፈዋል። በነዚያ ወራት ያለቀው ሕዝብ ያለቀው መልእክት የሚጓጓዝበት መሣሪያ ስላልነበረ አይደለም። መልእክቱን የሰማው ወገን ስላልተንቀሳቀሰ ነው።

ዝናብን የሚለካ ሞገድ

ከዚያ መከራ አንድ ተቋም ተወለደ። የአሜሪካ መንግሥት የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ ፊውስ በመባል የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ተመሠረተ። ሥራው የገበያ ዋጋን፣ የሰብልን ሁኔታና ከሳተላይት የሚገኝ መረጃን አገናዝቦ ረሀብ ከመድረሱ በፊት ማስታወቅ ነበር። በዚህ መስክ የማይክሮዌቭ ምርምር ትልቅ አስተዋጽኦ አለው። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ መጠን ደካማ ማይክሮዌቭ ያመነጫል። የሚታየው ብርሃን በደመና ሲጋረድ ማይክሮዌቭ ደመናውን አልፎ ስለሚሄድ በውስጡ ያለውን የዝናብ ጠብታ ለመለካት ይመቻል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የተወነጨፈውና እስከ 2015 የሠራው ትሪም፣ በ2014 የተከተለው ጂፒኤም ዝናብን የሚለኩ ሳተላይቶች ናቸው። በ2015 የተወነጨፈው ስማፕ ደግሞ ርዝመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ የላይኛውን አምስት ሴንቲ ሜትር አፈር እርጥበት ያነባል። በአማራ ክልልም እንዲህ ያለ የሳተላይት መረጃ ከጤና ተቋማት ሪፖርት ጋር ተገናዝቦ የወባ ወረርሽኝን አስቀድሞ ለመተንበይ የሚያስችል ጥናት ተካሂዷል።

ሌላም ግሩም ግኝት አለ። ከአሥር ጊጋኸርዝ በላይ የሚርገበገብ ማይክሮዌቭ በዝናብ ጠብታ እየተዋጠና እየተበተነ ይዳከማል። ይህ ለስልክ መሐንዲሶች የረዥም ዘመን ራስ ምታት ነበር፤ በኢትዮጵያም የአገሪቱን ዝናብ መሠረት አድርጎ ተጠንቷል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ግን በሐጊት መሰር የተመራ የእስራኤል ተመራማሪዎች ቡድን ጉዳዩን ገልብጦ አየው፤ ሞገዱ በሁለት ማማዎች መካከል ምን ያህል እንደተዳከመ በመለካት በመሐል የዘነበውን ዝናብ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ዘዴው በኋላ በቡርኪና ፋሶ ተሞክሮ ሠርቷል። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በተራራቀበት እንደ ዋግ ባለ አገር፣ ለስልክ ሲባል የተተከለ ማማ ሁሉ የዝናብ መለኪያም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ገበሬው የሚጠብቀው ዝናብ በሞገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ራሱ መረጃ ይሆናል።

በሰኔና በሐምሌ የጠፋ ዝናብ በዓመቱ በጤና ጣቢያው የክንድ ዙሪያ መለኪያ ላይ እንደሚታይ የዋግ የጤና ባለሙያ ያውቀዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉና ሥራው በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች መጀመሩም ይህንኑ ታሪክ የሚያስታውስ ነው።

ይሁንና እዚህም ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በሰው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ የፊውስ ሥራ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሳተላይቶቹ ያን ጊዜም ዝናቡን መለካታቸውን አላቆሙም። የታጣው ቁጥሩን አንብቦ «ረሀብ ሊገባ ነው» ብሎ የሚናገረው ባለሙያ ነው።

ስልክ፣ ሪፈራልና የተቋረጠው መስመር

ሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በተከታዩ አሥር ዓመት ጥቁር አንበሳን ከክልል ሆስፒታሎችና ከሕንድ ሐኪሞች ጋር በሳተላይት ያገናኙ የቴሌሜዲስን ሙከራዎች ተካሂደዋል። የራጅ ፊልምና የቆዳ ሕመም ምስል ከሩቅ ሆኖ ማየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይሁን እንጂ የገጠሩን ሕክምና ይበልጥ የለወጠው ከነዚህ የረቀቁ ሥርዓቶች ይልቅ ተራው የስልክ ጥሪ ነው። የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሦስት መዘግየቶችን ይለያሉ፤ ለመሄድ መወሰን፣ ተቋም መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ማግኘት። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ሕክምና ካላገኘች በአማካይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት እንደምትችል ይገመታል። ከሸለቆ ወደ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የምትጓዝ ወላድ ከሁለት ሰዓት በላይ መንገድ ላይ ልትቆይ ትችላለች። ስልኩ አንድ መልእክተኛ በእግሩ ይሄድበት የነበረውን ግማሽ ቀን ያስቀራል፤ አምቡላንሱን ከወዲያ፣ ቃሬዛውን ከወዲህ አንቀሳቅሶ መንገድ ላይ ያገናኛል፤ የቀዶ ሕክምና ክፍሉም ወላዷ ከመድረሷ በፊት እንዲዘጋጅ ያደርጋል።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ዋግ ኽምራ ሲዘልቅ ስልኩም መብራቱም ተቋረጠ። የጤና ተቋማት ተጎዱ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ በርካታ ሕዝብ ተፈናቀለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሞተው ሰው በጥይት የተመታው ብቻ አይደለም፤ አምቡላንስ ያልተጠራላት ወላድ፣ መድኃኒቱ ማለቁን ለማንም ያላሳወቀ ጤና ጣቢያ፣ ሪፖርት ያልተደረገ ወረርሽኝ ሁሉ ከጦርነቱ ጉዳት ይቆጠራሉ። እነዚህ ሞቶች በቁስለኛ መዝገብ ላይ አይገኙም።

ስለ ደኅንነት አጭር ማስገንዘቢያ

የስልክ ማማ በሽታ ያመጣ እንደሆነ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ ይጠየቃሉ። ከላይ እንደተገለጸው ማይክሮዌቭ እንደ ራጅ ዘረ መልን የሚሰብር ጉልበት የለውም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሬድዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል፤ ይህም የተረጋገጠ ጉዳት አለ ማለት ሳይሆን ማስረጃው ውሱን ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቶ በ2024 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። በአንጻሩ በእጃችን ያለው ራጅ እውነተኛ ጥንቃቄ ይሻል። ያለ በቂ ምክንያት አለማዘዝ፣ ነፍሰ ጡርን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የእርሳስ መከላከያን መልበስ ከማማው ከመራቅ እጅግ የሚበልጥ ጥቅም አላቸው።

ማጠቃለያ

ከዓድዋ እስከ ዛሬ ባለው ጊዜ ሞገዱ በየዘመኑ ወደ ዋግ ደርሷል ወይም ከዋግ አጠገብ አልፏል። በ1888 ዓ.ም. ራጁ ከባሕር ማዶ ቀረ። በ1928 ድምፁ ተሰምቶ መልስ አጣ። በ1977 ምስሉ ከማስጠንቀቂያው በወራት ዘግይቶ ደረሰ። በ2013 የነበረው መስመር ተቆረጠ። የሞገዱ ፍጥነት በአራቱም ጊዜ አንድ ነው፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። የተለያየው የተቀባዩ መኖር፣ የኃይል ምንጩ፣ የሰላሙና የሰሚው ፈቃድ ነው።

ስለዚህ የጤና ተቋማት መገናኛን ከቢሮ ዕቃ ሳይሆን ከሕይወት አድን መሣሪያ እንዲቆጥሩት ያስፈልጋል። የኦክስጅን ሲሊንደር መሙላቱ በየቀኑ እንደሚታይ ሁሉ የስልኩ መሥራት፣ የባትሪው መሞላት፣ የጸሐይ ኃይሉ ሳህን መጽዳት በየቀኑ ሊታይና ሊመዘገብ ይገባል። ሞባይሉ ሲቋረጥ የሚተካ የሬድዮ መገናኛ፣ እርሱም ሲጠፋ ማን ወደ የትኛው ተቋም በእግሩ እንደሚላክ በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት ሊኖር ይገባል። በሸለቆ ጥላ ውስጥ የቀሩ ቀበሌዎች ዝርዝር ከወላዶች መዝገብ ጋር ተያይዞ ለቴሌኮሙኒኬሽን ተቋማት ቢቀርብ፣ ቀጣዩ ማማ የት ይተከል ለሚለው ጥያቄ ሐኪሙም ድምፅ ይኖረዋል። ማማው የሚተከልበትን ተራራ መሐንዲሱ ይምረጥ፤ ከተራራው ግርጌ ማን እንደምትጠብቅ የሚያውቀው ግን የጤና ባለሙያው ነው።